ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ

በ1994 ዓ.ም. መስከረም፣ የመስቀል ሰሞን፣ ከእናቴ ጋር ባንክ ሄድን። ለማታ ኮሌጅ መመዝገቢያ 320 ብር ያስፈልገኝ ነበር፤ ክፍያው የሚገባው በኮሌጁ የባንክ ሒሳብ ነው። እናቴ ጉልት ትቸረችር ነበር። ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን፣ ድንቹን በመደብ በመደብ ትደረድረዋለች፤ አንዱ መደብ ስሙኒ፣ ሽልንግ፣ ሲበዛ አንድ ብር ነው። ስለዚህ የእናቴ ሀብት ሁሉ ሳንቲም ነበር ማለት ይቻላል።

ማታ ማታ ሽልንጉን ሃያ ሃያ፣ ስሙኒውን አርባ አርባ እየቆጠረች በጋዜጣ ወረቀት ትጠቀልልና ጫፍና ጫፉን ትጠመዝዘዋለች። አንዱ ጥቅል አሥር ብር ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ የእርሷን ጥቅል ሳይፈታ ይቀበላት ነበር። ዝርዝር ለእርሱ ወርቅ ነው፤ ጠመዘዟን ደግሞ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ በመዳፉ ከፍ ዝቅ ያደርገውና ወደ መሳቢያው ይከተዋል፤ በምትኩም የወረቀት ብር ይሰጣታል። በዚያ ሳምንት ግን ባለሱቁ ለመስቀል አገሩ ገብቶ ሱቁ ተዘግቶ ነበር። ያለን ምርጫ 32ቱን ጥቅል በዘንቢል ተሸክመን ባንክ መሄድ ብቻ ሆነ። አራት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል።

ገንዘብ ተቀባይዋ ወጣት ናት። ዘንቢሉን ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

«እማማ፣ ሳንቲም በዚህ ሰዓት አንቀበልም። ከሰዓት በኋላ ይምጡ» አለች።

«ምዝገባው በቀትር ያበቃል ልጄ» አለች እናቴ።

ልጅቷ ተነፈሰች፤ ጥቅሎቹንም አንድ በአንድ እየቀደደች መቁጠር ጀመረች። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ያዘ። አንዱ ሰዓቱን ያያል፤ ሌላው «ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መሰላቸው እንዴ?» ይላል። እኔ ምን አደረግሁ? ቀስ ብዬ ከእናቴ ጎን ራቅሁ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የውጭ ምንዛሪ ሰሌዳ እንደማነብ ሆኜ ቆምሁ። የዶላሩን፣ የፓውንዱን፣ የስዊስ ፍራንኩን ዋጋ ደጋግሜ አነበብሁ። ከዚያች ከጋዜጣና ከሳንቲም ክምር ፊት ከቆመችው ሴት ጋር የማልተዋወቅ መሰልሁ።

በመጨረሻው ጥቅል ላይ የልጅቷ ጣት ቆመ። አንዲት ሽልንግ አንስታ አገላበጠቻትና በመስኮቱ ስር መልሳ ገፋቻት። «እማማ፣ ይሄ ገንዘብ አይደለም። ሃምሳ ሳንቲም ይጎድላል።»

እናቴ ዞር ብላ በዓይኗ ፈለገችኝ። እኔ ሰሌዳውን እያነበብሁ ነበር። መቀነቷን ፈታች፤ ለአውቶቡሳችን ያስቀረቻትን ሁለት ስሙኒ አውጥታ ጎደሎውን ሞላች። በእግራችን ተመለስን። በመንገድ ላይ አልተነጋገርንም። ቤት ስንደርስ ያቺን የተመለሰች ሽልንግ «እንካ፣ አንተ ያዛት» ብላ ሰጠችኝ።

ይህን በምጽፍበት ሰዓት ሽልንጓ ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ናት። በአንድ ወገን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት፣ በሌላው መስቀል የተሸከመው አንበሳ፤ ዘመኗ 1936 ዓ.ም.። በስፋቷ ከደርጉ ሽልንግ ጋር እኩል ናት፤ በጥቅሉ ውስጥ ማንም ሳያያት የገባችውም ለዚህ ነው። እርሷ ግን ብር ናት፤ ከመቶው ሰማንያው እውነተኛ ብር። ባንኩ ከተቀበላቸው ሽልንጎች ሁሉ በማዕድኗ የምትበልጠውን ለይቶ ገንዘብ አይደለችም አለ። ልጅቷ አልተሳሳተችም። ሕጉ ከእርሷ ጋር ነበር። እኔን ግን ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ለዓመታት መጽሐፍ አስገለጠችኝ፤ የአገራችንን የገንዘብ ታሪክ ባገላበጥሁ ቁጥርም ይህንኑ ቃል ከየዘመኑ አፍ እሰማ ጀመር። (እ.ኤ.አ. ያላልሁበት ዘመን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢዬ ይያዝልኝ።)

ከሩቁ ልጀምር። አክሱም በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ እ.ኤ.አ. በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ሳንቲም ማተም ጀመረች። ወርቁ በግሪክኛ የተጻፈበት፣ ለባሕር ማዶ ነጋዴ የተዘጋጀ ነበር። መዳቡ ግን ለአገር ቤት ገበያ፣ ለዕለት ሸመታ ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከታተሙት መዳቦች በአንዳንዶቹ ላይ አንዲት አጭር ምኞት ትነበባለች፤ ወደ አማርኛ ስትመለስ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የምትል ናት። በመጀመሪያ ሳነባት ገረመችኝ። ወርቅ እንዲህ አይልም፤ ወርቅ የማንንም ፈቃድ አይለምንም። ትንሹ መዳብ ግን ዋጋው በሥጋው ውስጥ ስለሌለ የተቀባዩን እጅ መለመን አለበት። ንጉሡ ራሱ፣ በወርቁ ላይ ስሙንና ማዕረጉን የሚደረድረው ንጉሥ፣ በመዳቡ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደስ ያሰኛችሁ» ይላል። አንዳንዱን መዳብ ደግሞ በመስቀሉ ዙሪያ ወርቅ ይለብጡት ነበር፤ እንዲማርክ ይሆናል።

በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱም ሳንቲም ቆመ። ከዚያ በኋላ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ደገኛው መንግሥት የራሱን ገንዘብ አላተመም። ገበያው ግን አልቆመም፤ ጨው ነበርና። አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተፈልጦ፣ በግመልና በበቅሎ ደጋ ወጥቶ፣ ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው እየከበደ እስከ ደቡብና ምዕራብ ጫፍ ይደርሳል። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ነጋዴ ኮስማስ የአክሱም ሰዎች ለወርቅ ልውውጥ ጨው ይዘው እንደሚወርዱ ጽፏል፤ በ1520 እ.ኤ.አ. የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ጨው በመላ አገሩ እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ መስክሯል። የአሞሌ ጠላቱ ዝናብና ስብራት ነው። ጠርዙ የተሸረፈ፣ እርጥበት የበላው አሞሌ ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህም በልጥ እየታሰረ በጥንቃቄ ይያዝ ነበር። ሻጭና ገዢ በአንዲት ሽራፊ ሲጨቃጨቁ ይታየኛል። በዚያ ገበያ ግን አንድ መልካም ነገር ነበር፤ ተቀባይ ያጣ አሞሌ ቢያንስ ወጥ ውስጥ ይገባል።

ቀጥላ ሴትዮዋ መጣች፤ ማርያ ትሬዛ። የኦስትሪያዋ ንግሥት በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ በስሟ የሚታተመው ብር ግን የሞተችበትን ዓመት ተሸክሞ ከዚያ ወዲያ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲታተም ኖረ። 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሺሁ ብር 28 ኪሎ መሆኑ ነው። የእኛ ሰው ጠገራ ብር አለው። የእኛ ሰው ደግሞ እንዲሁ አይቀበልም። የትከሻዋ ጌጥ ዕንቁ በጉልህ ይታይ እንደሆነ ያያል፤ በጣቱ ይዳብሳል፤ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማል። የተፋቀ፣ ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ፣ ፊቱ የደበዘዘ ብር ከሆነ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በዚያ ዘመን ለጥርጣሬ ባንክ ቤት መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ በየገበያው ያለ ገበሬ ሁሉ ገንዘብ መርማሪ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ሊለውጡ ተነሡ። መልካቸውና አንበሳው ያለበት ብር በፓሪስ ታተመ፤ 1887 ዓ.ም. የሚል ዘመን ተጻፈበት። ክብደቱም ጥራቱም ከጠገራው አያንስም፤ እንዲያውም ሆን ተብሎ ከእርሱ ጋር ተመሳስሎ ነው የተሠራው። በዐድዋ ዋዜማ የራስን ብር ማተም ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም። ሆኖም ገበሬው አልቀበልም አለ። ብሩ ያው ብር ነው፤ ሚዛኑ ያው ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ የገዛ ንጉሡ ናቸው። እርሱ ግን አይቷት የማያውቃትን የሞተች የባዕድ ንግሥት መረጠ። ይህን ብዙዎች የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ያነሡታል። እኔ አልስማማም። ቡናና ቆዳ ገዝቶ ወደ ቀይ ባሕር የሚወርደው ነጋዴ፣ ማዶ ያለውም ዐረብ የሚያውቁት ጠገራውን ነው። ገበሬው የሚጠይቀው «ይህ ብር ጥሩ ነውን?» ብሎ አልነበረም፤ «ከእኔ ቀጥሎ ያለው ሰው ይቀበለኛልን?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከእርሱ በላይ የሚያውቅ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ትልቁ ብር ብዙ ይላሉ። እኔን፣ የጉልት ቸርቻሪ ልጅን፣ ይበልጥ የሚስበኝ ትንሹ ነው። ጠገራ ብር ለበሬና ለበቅሎ እንጂ ለቃሪያ አይሆንም። በጠገራውና በአሞሌው መካከል ያለው ገደል ሰፊ ነበር፤ ድሃ የሚኖረው ደግሞ በዚያ ገደል ውስጥ ነው። ምኒልክ አላዱን፣ ሩቡን፣ ተሙኑን፣ ግርሹን፣ ከሕንዱ ፓይሳ ስሙን የወሰደውን የመዳብ ቤሳም አሳትመዋል፤ የጥቃቅኑ ብር ዕድልም ከትልቁ የተሻለ ሆነ። ማርያ ትሬዛ ልጆች አልነበሯትምና በዚያ በኩል የሚፎካከራቸው አልነበረም። ቤሳ ዛሬ የምትኖረው በአንደበታችን ብቻ ነው፤ ኪሱ የነጠፈ ሰው «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ሲል ሳያውቀው የምኒልክን ገበያ ይጠራል።

ጥቃቅኑ በጠፋበት ቦታ ደግሞ ጥይት ገባ። አዎን፣ ጥይት። የውጅግራ ጥይት በአዲስ አበባ ገበያ ሳይቀር መልስ ሆኖ ይሰጥ ነበር። ጠመንጃው በየቤቱ አለ፤ ጥይት የማይቀበል የለም፤ ከዝናር ወጥቶ ዝናር ውስጥ ይገባል። አንዲት ሴት ቅቤ ሸጣ መልሱን በጥይት ስትቆጥር ማሰብ ለእኛ እንግዳ ነው። ለነገሩ እኛም በዘመናችን የባሰ አይተናል፤ እመለስበታለሁ።

በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶም የወረቀት ገንዘብ መጣ። የባንኩ ሥራ በዋነኛነት የከተማና የነጋዴ ነገር ሆኖ ቀረ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሊሬውን ይዞ መጣ፤ ባላገሩም ወረቀቱን ገፋው። የሚያስቀው ግን ሌላ ነው። የጣሊያን መንግሥት ከወረራው ጥቂት ቀደም ብሎ የማርያ ትሬዛን ማተሚያ ቅርጽ ከቪየና አስመጥቶ በሮም ጠገራ ማተም ጀምሮ ነበር። በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን የመጣው ጦር ሽንኩርት ለመግዛት የዚያችን የሞተች ሴት ፊት መያዝ ነበረበት።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ገበያው የገንዘብ ባቢሎን ሆነ፤ ጠገራው፣ ሊሬው፣ ከእንግሊዞች ጋር የመጣው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ሁሉም አብረው ይዞራሉ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር ሥራ ላይ ዋለ፤ በፈረንጅኛ የኢትዮጵያ ዶላር ይባል እንጂ በእኛ አፍ ያው ብር ነው። አንዱ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተተመነ። እነሆ ሃምሳ ሳንቲም «ሽልንግ» የተባለው በዚህ ነው፤ እንግሊዝ ሄደ፣ ሽልንጉ ሄደ፣ ስሙ ቀረ። ስሙኒም ከስምንተኛነት ወጥታ በሩብ ላይ ተቀመጠች። የሕዝብ አፍ ስምን ቶሎ አይጥልም፤ ሒሳቡ ቢለወጥም ስሙን ይዞ ይሻገራል።

ያኔ መንግሥት ብልሃት ተጠቀመ። ብሩ ወረቀት ነው፤ ከአንድ እስከ ሃያ አምስት ሳንቲም ያለው መዳብ ነው፤ ሃምሳ ሳንቲሙ ብቻ ግን ብር ሆኖ በአሜሪካ ፊላደልፊያ ታተመ፤ ማዕድኑም የተገኘው በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ከአሜሪካ በተሰጠ እርዳታ ነው። ወረቀቱን የሚጠራጠር ገበሬ ቢያንስ በእጁ የሚያቃጭል አንድ ነገር እንዲያገኝ ይመስለኛል። እንግዲህ ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው ሽልንግ ከዚያ የመጣች ናት። የእርሷ ታናሽ፣ ክቧ ስሙኒ፣ በስፋት ትቀርባት ኖሮ ብልጦች ስሙኒዋን ብር ቀብተው በሽልንግ ዋጋ ያሳልፏት ጀመር። መንግሥትም ክቧን ሰብስቦ ጠርዟ እንደ አበባ ቅጠል የተሸራረፈ ስሙኒ አወጣ። ጨለማ ውስጥ እንኳ ጣት ይለያታል።

ጥቅምት 4 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡን ገንዘብ በአዲስ ለወጠ። በአዲሶቹ ሳንቲሞች አንድ ወገን የአንበሳ ራስ ቀረ፤ ዘውዱና መስቀሉ ግን የለም። በሌላው ወገን በአንድ ሳንቲም ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ በአምስት ሳንቲም ላይ ወታደር፣ በአሥር ሳንቲም ላይ የደጋ አጋዘን፣ በስሙኒ ላይ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት፣ በሽልንግ ላይ የቆመ ሕዝብ። የእኔ ሽልንግ ያኔ ሞተች። ወይም ሞተች ተባለች።

የእኔ ትውልድ የሚያውቀው ሳንቲም ይህ ነው። በእሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዝርዝር የሚሸጡ ሰዎች አምስት ሳንቲሙን በጨርቅ ላይ ደርድረው ይቀመጡ ነበር። ምጽዋት ሰጪው አንድ ብር ይሰጥና አሥራ ስምንት ባለ አምስት ሳንቲም ይቀበላል፤ ሁለቱ የሻጩ ትርፍ ነው። ነዳያኑ የለመኑትን ማታ መልሰው ለዚያው ሻጭ ይሸጡለታል። ሳንቲሟ ከደጃፉ ሳትርቅ ስትዞር ትኖራለች። በታክሲ ተራም እንዲሁ ነበር፤ ታሪፉ በሳንቲም ይቆረጥ በነበረበት ጊዜ ልጆች ሳንቲሙን በላስቲክ ጠቅልለው ለወያላው ዘጠኙን በአሥር ይሸጡ ነበር። ያው ወያላ ግን ተሳፋሪው ባለ አምስትና ባለ አሥሩን ቆጥሮ ሲሰጠው «ይሄን የት ላደርገው ነው?» ብሎ ይመልሳል። ሱቅ ስትገባ ደግሞ «ሳንቲም የለም» ተብለህ መልስህን በማስቲካ ወይም በከረሜላ ትቀበላለህ። የምኒልክ ዘመን ባለሱቅ በጥይት መለሰ ብለን እንስቃለን፤ እርሱ ግን የመለሰውን ጥይት መልሶ ይቀበል ነበር። የእኛውን በማስቲካ ክፈለው፣ ምን እንደሚልህ ታያለህ።

በ2003 ዓ.ም. የአንድ ብሩ ወረቀት ወደ ሳንቲም ተለወጠ፤ ሚዛን ተቀረጸበት። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ሽቅብ እየበረረ ስሙኒውም ሽልንጉም ከሱቅ መደርደሪያ ጠፉ። ዛሬ በስልክ ስከፍል ሳንቲሟ ከነጥብ በኋላ ተቆጥራ ትቀነሳለች፤ በሰው እጅ ላይ ያልተከበረችው በማሽን ውስጥ ተከብራ ትኖራለች። እናቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ የት ትቀመጣለች?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እናቴ ጉልቱን ከተወች ቆየች። አንድ ቀን ቡና እያፈላች ሳለ ሽልንጓን አውጥቼ አሳየኋት። አወቀቻት። በባንኩ ስላደረግሁት ነገር ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሳንቲም በጣቷ ለይታ የምታውቅ ሴት፣ በጨለማ ስሙኒና ሽልንግ የማታምታታ ሴት፣ የንጉሡን ሽልንግ እንዴት ሳታያት ተቀበለቻት?

«ሳላያት?» ሳቀች። «አይቻት ነው እንጂ። አንዲት አሮጊት ናቸው ያመጧት፤ ለልጅ ልጃቸው ድንች ሊገዙ። ሌላ አልነበራቸውም።»

«ታዲያ እያወቅሽ ጥቅሉ ውስጥ ለምን ከተትሻት?»

ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አወረደችና አስቀመጠችው።

«ሃያኛዋ እርሷ ነበረቻ» አለች፤ «እኔስ ሌላ መቼ ነበረኝ?»